የልጆች የአጥንት ዲስፕላዥያ ጥናት በአዳማ፦ የትኞቹ ራጆች ይበቃሉ? ሪኬትሱስ እንዴት ይለያል?

ሬዚ_አዳማ

ሰላም ለዚህ ቤት። አዳማ ላይ የራዲዮሎጂ ሬዚደንት ነኝ። ለመመረቂያ ጥናቴ በዘር የሚወረሱና ከውልደት ጀምሮ ያሉ የአጥንት አፈጣጠር ችግሮችን፣ ስኬሌታል ዲስፕላዥያ የምንላቸውን ይዣለሁ። ዕቅዱ የአምስት ዓመት ማህደር ከፍቶ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ራጅ ማውጣትና በምስሉ መልክ መመደብ ነው። ከዚያ በኋላ ለሚመጡ አዳዲስ ልጆች ደግሞ ወጥ የሆነ የራጅ ትእዛዝ ማዘጋጀት እፈልጋለሁ። የጂን ምርመራ የለንም።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ማህደር ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ልጆች አንድ ጉልበት ወይም አንድ ዳሌ ብቻ ነው የተነሡት። ለአዲሶቹ የትኞቹን እንዘዝ? "ሕፃኑን ከራስ እስከ እግሩ በአንድ ካሴት አንሥተህ ጨርስ" የሚል ምክርም ሰምቻለሁ። ሁለተኛው፣ እግራቸው የጎበጠ ልጆች ሞልተዋል፤ ሪኬትሱን፣ ማለትም የአጥንት መለስለሱን፣ ከዲስፕላዥያው በምን ልለይ? ሦስተኛው፣ ከወንጂ አካባቢ የሚመጡና አጥንታቸው ነጭ ብሎ የሚታይ ልጆች አሉ፤ ፍሎራይድ ነው ወይስ የዘር ችግር? የመጨረሻው፣ ጂን ሳይታይ የበሽታ ስም መጻፍ ይቻላል?


ሕፃናት_ራዲዮሎጂ

በመጀመሪያ የአንድ ካሴቱን ነገር እንዝጋው። ቤቢግራም የሚሉት አነሣስ ሞቶ ለተወለደ ወይም ከተወለደ ብዙም ሳይቆይ ላረፈ ሕፃን ጥሩ ነው፤ ከፊትና ከጎን ሁለት ራጅ ብቻ ይበቃል። በሕይወት ላለ ልጅ ግን የጨረሩ መሃል እምብርት ላይ ስለሚያርፍ ጉልበቱና የእጅ አንጓው በሰያፍ ይመታሉ። እንግዲህ ማየት የምንፈልገው ስስ ቦታ፣ አጥንቱ የሚረዝምበት የዕድገት ሰሌዳና ከጎኑ ወደ ግንዱ በኩል ያለው የሜታፊሲሱ ጠርዝ፣ የሚደበዝዘው ያኔ ነው። ደግሞ ለደረት የተስተካከለ ጨረር ለጣት ይበዛል።

ለዲስፕላዥያ የሚታዘዘው እንዲህ ነው፦ የራስ ቅል ከፊትና ከጎን፤ ደረት ከፊት፤ የደረትና የወገብ አከርካሪ ከፊትና ከጎን፤ ዳሌ ከፊት፤ አንድ ክንድ ሙሉውን፤ አንድ እግር ሙሉውን፤ የግራ መዳፍ ከአንጓው ጋር። አንድ ወገን የሚበቃው አብዛኞቹ ዲስፕላዥያዎች ሁለቱንም ጎን እኩል ስለሚነኩ ነው። ልጁ አንዱ እግሩ ካጠረ ወይም ኤፒፊሲሱ (ከዕድገት ሰሌዳው ወዲያ ያለው የአጥንት ጫፍ) ላይ የተረጨ የሚመስል ነጠብጣብ ካለ ግን ሁለቱንም ወገን አንሣ። ሞርኪዮ የሚባለው የዘር በሽታ ጥርጣሬ ካለ የአንገት አከርካሪ ከጎን ይጨመራል፤ ኦዶንቶይዱ (የሁለተኛው የአንገት አጥንት ዘንግ) ትንሽ ሊሆን ስለሚችል ሰመመን ሰጪው ይህን ሳያውቅ አንገቱን ማዞር የለበትም። ይህንን ትእዛዝ ለድብደባ ጥርጣሬ ከሚታዘዘው ጋር አታምታታው፤ እዚያ ሁለቱም ወገንና የጎድን አጥንት ሰያፍ ምስል ግዴታ ነው።

ሦስት ብቻ ማንሣት ከተቻለ የእኔ ምርጫ ዳሌ፣ የወገብ አከርካሪ በሁለቱም አቅጣጫ እና የግራ መዳፍ ነው። ጉልበት ብቻውን ብዙ ያታልላል።

የወገቡን ራጅ ለምን እንደምወደው በአኮንድሮፕላዥያ፣ እጅና እግር አጥሮ ቁመት በሚያጥርበት ዲስፕላዥያ፣ ላሳይህ። ከፊት የተነሣውን ያዝና በኤል1 (የመጀመሪያው የወገብ አጥንት) ላይ በሁለቱ ፔዲክሎች (ግራና ቀኝ ክብ ሆነው የሚታዩት የአጥንቱ እግሮች) ውስጠኛ ጠርዝ መካከል ያለውን ስፋት ለካ፤ ወደ ኤል5 ውረድና ድገም። በጤነኛ ልጅ ወደ ታች በሄድክ ቁጥር ይሰፋል። በአኮንድሮፕላዥያ ይጠብባል፣ ቢያንስ መስፋቱን ያቆማል። ወጥመዱ ይህ ምልክት ገና በተወለደ ሕፃን ላይ ላይታይ መቻሉ ነው። በዚያ ዕድሜ ዳሌውን እመን፦ የኢሊየሙ (የዳሌው ላይኛ አጥንት) ክንፍ አራት ማዕዘን ይሆናል፣ የሳይቲክ ስንጥቁ ይጠብባል፣ የአሴታቡለሙ (የጭን ራስ የሚገባበት ጉድጓድ) ጣሪያ ጠፍጣፋ ሆኖ እንደ ሦስት ጣት ሹካ ወደ ታች ያወጣል፣ የጭኑ አጥንት ላይኛው ጫፍ ደግሞ ሞላላና ጥቁር ሆኖ ይታያል። እነዚህ ተሟልተው "ወላጆቹ ረጃጅም ናቸው፣ ስለዚህ አይደለም" የሚል ካለ አትስማው፤ ከአምስት ልጆች አራቱ ገደማ የሚወለዱት ቁመታቸው መደበኛ ከሆነ ወላጆች ነው። ለውጡ በልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው፤ የአባት ዕድሜ ሲገፋ ዕድሉ ይጨምራል።

ስታነብ ከስም አትጀምር። ችግሩ ኤፒፊሲስ ላይ ነው፣ ሜታፊሲስ ላይ ወይስ ዳያፊሲስ (የአጥንቱ ግንድ) ላይ? አከርካሪውስ ገብቶበታል? ከዚያ የትኛው የእጅና የእግር ክፍል ነው ያጠረው፣ ላይኛው፣ መካከለኛው ወይስ ጫፉ? ይህን ሳትሞላ ስም ከጻፍክ ዓይንህ የሚያየው ስሙን ነው።

ዕድሜም እንዲሁ ያታልላል። የጭን ራስ አጥንት ሆኖ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ወር ገደማ ስለሆነ፣ በሁለት ወር ሕፃን ዳሌ ላይ "ኤፒፊሲሱ የለም" ማለት ትርጉም የለውም። በተቃራኒው የጭኑ አጥንት ታችኛው ኤፒፊሲስ በ36ኛው የእርግዝና ሳምንት አካባቢ ይወጣል፤ ቀኑን ጨርሶ የተወለደ ሕፃን ጉልበት ላይ ከሌለ ዲስፕላዥያ ከማለትህ በፊት ቲኤስኤች (የታይሮይድ የደም ምርመራ) አስወጣ። የታይሮይድ እጥረት ኤፒፊሲስን ያዘገያል፣ ሲወጣም የተፈረካከሰ ያስመስለዋል። ያ ደግሞ መድኃኒት አለው። ነጠብጣብ ያለው ኤፒፊሲስም ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት በኋላ ይጠፋልና፣ ለትልቅ ልጅ በጨቅላነቱ የተነሣ ራጅ ካለ ቤተሰቡን ጠይቅ። ብዙ እናቶች ፊልሙን ፍራሽ ሥር ያስቀምጡታል።


ራጅ_ክፍል

ዶክተር የዘረዘሩት እንዳለ ሆኖ፣ ከማንሣቱ በኩል የሚበላሸውን ልጨምር።

ውፍረቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ አካል ግሪዱን (የተበተነ ጨረር የሚያጣራውን ሰሌዳ) አውጡት። ግሪድ ጨረሩን ያበዛል፣ በሕፃን ላይ ለምስሉ የሚጨምረው ነገር የለም። ለጨቅላ እጅና እግር ከ45 እስከ 50 ኪሎቮልት ከ1 እስከ 2 ሚሊአምፔር ሰከንድ ጋር፣ ለደረት ከ60 እስከ 65 ኪሎቮልት ጥሩ መነሻ ነው፤ ቀሪው በየማሽኑ ይስተካከላል። ርቀቱን 100 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆልፉት። ዛሬ 100፣ ነገ 90 ከሆነ የአጥንቱ መጠን ስለሚለዋወጥ ለጥናቱ የምትለኩት ቁጥር ሁሉ ዋጋ የለውም።

ሲአር (በካሴት የሚሠራው ዲጂታል ራጅ) ላይ ያለው ችግር የበዛ ጨረር ምስሉን ስለማያጠቁረው ነው። እንዲያውም ያሳምረዋል፣ ማንም አያማርርም፣ ከወር ወር ጨረሩ ሳይታወቅ ይጨምራል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ምስል የኤክስፖዠር ኢንዴክስ (ካሴቱ የተቀበለውን ጨረር የሚያሳየውን ቁጥር) በጥናቱ ቅጽ ላይ መዝግቡ። ሜዳውን ደግሞ ከማንሣት በፊት በኮሊሜተሩ አጥብቡ፤ በኋላ ስክሪን ላይ መቁረጥ ልጁን ከጨረሩ አያድነውም።

ዳሌ ላይ የሊድ መሸፈኛ አታድርጉ። የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር በፈረንጅ 2019 መደበኛ የመራቢያ አካል መሸፈኛ እንዲቀር መክሯል፤ ለዚህ ጥናት ደግሞ መሸፈኛው የሚደብቀው ዶክተር ልታዩት የምትፈልጉትን ሳክረምና ሳይቲክ ስንጥቅ ነው። ዳሌው መዞሩን የምታውቁት ሁለቱን የኦብቱሬተር (የዳሌው ታችኛ) ቀዳዳዎች በማስተያየት ነው። አንዱ ከጠበበ ክንፉም በሐሰት ይጠብባል፤ ያንን ምስል አትለኩ። ልጁን የሚይዝ ዘመድ የሊድ ሽርጥ ይልበስ፣ እናትየው እርጉዝ አለመሆኗ ይጠየቅ።

አሁን ማንም የማያነሣውን ላንሣ፤ ዕድሜ። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ቤተሰቡ የሚነግረን በእኛ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2012 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ጁላይ 8 ቀን 2020 ነው። መዝጋቢው ሳይቀይር 2012፣ 11ኛ ወር፣ 1ኛ ቀን ብሎ ካስገባ ማሽኑ ለልጁ 7 ዓመት ከ8 ወር ይጨምርለታል። ያንን ይዛችሁ የመዳፉን የአጥንት ዕድሜ ብታነቡ ጤነኛው ልጅ ሁሉ "ዕድገቱ የዘገየ" ይሆናል። ጳጉሜን ላይ የተወለደ ደግሞ 13ኛ ወር ስለማይቀበል ጃንዋሪ 1 ተብሎ ነው የሚገባው። ስለዚህ ከማህደሩ የምታወጡትን ዕድሜ አትመኑት፤ ከካርድ ክፍል በእጅ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። የልደት ቀኑ "1ኛ ወር 1 ቀን" የሆነ ሁሉ ግምት ነው ብላችሁ ያዙ።


የልጆች_ሐኪም

ሪኬትስን በራጅ ብቻ ለመለየት አትሞክር። ምስሉ ጥርጣሬ ይሰጥሃል፣ ደሙ ይፈርዳል።

ምስሉ ላይ የምታየው ይህ ነው፦ በሪኬትስ የሜታፊሲሱ ጠርዝ እንደ ተበጠሰ ነጠላ ጥለት ይተለተላል፣ መሃሉ እንደ ጽዋ ይጎደጉዳል፣ የዕድገት ሰሌዳው ይሰፋል፣ አጥንቱም በጠቅላላ ስስ ይሆናል። ሽሚድ በሚባለው የሜታፊሲስ ዲስፕላዥያ ጠርዙ ወጣ ገባ ቢልም ጥርት ብሎ ይታያል፤ የአጥንቱ ንጣት ጤነኛ ነው፣ የጭኑ አንገት ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ የጭኑ ራስ ይተልቃል። ለሪኬትስ ክብደት የታቸርን ነጥብ ተጠቀም፤ አንጓ እስከ 4፣ ጉልበት እስከ 6፣ በድምሩ 10 ነው።

ለሁሉም ልጅ ካልሲየም፣ ፎስፈረስ፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ፣ ክሬያቲኒን፤ ከተገኘ ፓራታይሮይድ ሆርሞንና ቫይታሚን ዲ። የምግብ ሪኬትስ ከሆነ አልካላይን ፎስፋቴዙ ከፍ ይላል። በሽሚድ ሁሉም ጤነኛ ነው። በዘር የሚወረሰው የፎስፌት ማነስ፣ ፌክስ በሚባለው ጂን የሚመጣው፣ ካልሲየሙ ጤነኛ ሆኖ ፎስፈረሱ ብቻ ዝቅ ይላል። ሃይፖፎስፋቴዝያ በሚባለው የዘር በሽታ ደግሞ ምስሉ ሪኬትስ ይመስላል፣ ሜታፊሲሱ መሃል ላይ እንደ ምላስ የገባ ጥቁር ቦታ ይታያል፣ አልካላይን ፎስፋቴዙ ግን ዝቅተኛ ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። የላብራቶሪው ወረቀት ላይ የታተመው መደበኛ መጠን ብዙ ጊዜ የአዋቂ ነው። አልካላይን ፎስፋቴዝ 60 የመጣለት የሁለት ዓመት ልጅ በአዋቂ መጠን "ኖርማል" ተብሎ ያለ ምልክት ይወጣል፤ በዚያ ዕድሜ ግን በብዙ የምርመራ ዘዴ ከ100 በላይ መሆን ይጠበቅበታል። ፎስፈረስም ያው ነው፤ 2.8 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ለአዋቂ ደህና ነው፣ ለሁለት ዓመት ልጅ ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ከማህደር "ኖርማል" የሚለውን ቃል ሳይሆን ቁጥሩን ገልብጥ።

ማህደር ውስጥ የሚረዳህ ሌላው ነገር የሕክምናው ውጤት ነው። የፈረንጅ 2016ቱ ዓለም አቀፍ ስምምነት ለምግብ ሪኬትስ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን በቀን 2000 ዩኒት፣ ከአንድ እስከ 12 ዓመት ላለ ከ3000 እስከ 6000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ቢያንስ ለ90 ቀን፣ ከቀን 500 ሚሊ ግራም ካልሲየም ጋር ይላል። በትክክል ከወሰደ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ሜታፊሲሱ ጫፍ ላይ አዲስ ነጭ መስመር ይታያል። በሦስት ወር ምንም ለውጥ ከሌለ፣ መድኃኒቱንም መውሰዱ ከተረጋገጠ፣ ያን ልጅ ወደ ጥናትህ አስገባው። የሃይፖፎስፋቴዝያ ጥርጣሬ ያለበትን ሕፃን ግን "እስቲ እንሞክር" ብለህ ቫይታሚን ዲ አትስጠው፤ ካልሲየሙ አስቀድሞ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል።


ሬዚ_አዳማ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቀኑ ነገር ጭራሽ አልታየኝም ነበር። ስለ ነጫጮቹ አጥንቶችና ስለ ስሙስ?


አጥንት_ነክ

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነጭ አጥንት ሲታይ ፍሎራይድ ማለት ልማድ ሆኗል። ወንጂ ላይ የአጥንት ፍሎሮሲስ መኖሩ ከታወቀ ብዙ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል፣ በውኃ ውስጥም ከዓለም ጤና ድርጅት 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ የሚገኝበት ጉድጓድ በሸለቆው ብዙ ነው። ነገር ግን አጥንትን የሚያደነድነው ለዓመታት የተጠራቀመ ፍሎራይድ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ አጥንቱ ከደነደነ ሰበቡን ከውኃው ሌላ ፈልግ። ጥርሱ ቡናማ መሆኑም ፍሎራይድ መጠጣቱን እንጂ የአጥንቱን ምክንያት አያረጋግጥም።

ልዩነቱን ክንዱ ላይ እይ፤ በፍሎሮሲስ በሁለቱ የክንድ አጥንቶች መካከል ያለው ሽፋን ላይ ካልሲየም እንደ እሾህ ያወጣል፣ የዳሌው ጅማቶችም ይነጣሉ። በዘር በሚመጣው ኦስቲዮፔትሮሲስ የመቅኔው ክፍተት ይደፈናል፣ አጥንት ውስጥ ሌላ ትንሽ አጥንት ያለ ይመስላል፣ አከርካሪው ላይና ታች ነጭ መሃሉ ጠቆር ብሎ እንደ ሳንድዊች ይሆናል። ይህ ልጅ የደም ማነስ፣ የፕሌትሌት ማነስ፣ ያበጠ ጣፊያ፣ የዓይን ችግርም ሊኖረው ስለሚችል ጥናቱን ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ለሕፃናት ክፍል ንገር። ፒክኖዲስኦስቶሲስ የሚባለው የዘር ችግር ሦስተኛው ነው፦ የጣት ጫፎች ተበልተዋል፣ የመንጋጋው ማዕዘን ተዘርግቷል፣ የራስ ቅሉ እርግብግቢት አልገጠመም፣ የመቅኔው ክፍተት ግን አለ። ገና የተወለደ፣ በተለይ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን አጥንት ደግሞ በተፈጥሮው ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ድገመው እንጂ አትመድበው።


ሕፃናት_ራዲዮሎጂ

ወደ ስሙ ልመለስ። በፈረንጅ 2023 የታደሰው ዓለም አቀፍ ዝርዝር 771 የአጥንት ችግሮችን በ41 ቡድን ከፍሎ ከ552 ጂኖች ጋር ያያይዛቸዋል። ከራጅ ብቻ 771ን መለየት አትችልም፣ ቡድኑን ግን ብዙ ጊዜ ትችላለህ። ስለዚህ ሦስት እርከን አድርግ። ምስሉ ብቻውን የሚበቃ፣ ለምሳሌ የተሟላ አኮንድሮፕላዥያ፣ ስሙን ጻፍ። ቡድኑ እንጂ ስሙ የማይታወቅ፣ "ዲስኦስቶሲስ መልቲፕሌክስ" በል፤ የጀልባ መቅዘፊያ የመሰለ ጎድን፣ ወደ መነሻቸው የሾሉ የመዳፍ አጥንቶች፣ ወደ ፊት ምንቃር ያወጣ ኤል1 ወይም ኤል2 አይተህ የትኛው ሙኮፖሊሳካሪዶሲስ (በኤንዛይም ጉድለት የሚመጣ የዘር በሽታ) እንደሆነ ኤንዛይም ሳይታይ አትገምት። ሁለቱም ካልሆነ ያየኸውን ብቻ ግለጽና "አልተመደበም" ብለህ ተወው። አማካሪህ ይህ እርከን ሲበዛ ቅር ሊለው ይችላል። እኔ ግን ይህ ክፍል ባዶ የሆነበትን ጥናት አላምንም።

"በእርግጥ ብዙ ዎርሚያን አጥንት (በራስ ቅል ስፌት ውስጥ ያለ ትርፍ ትንሽ አጥንት) አለ" ከማለት ደግሞ ቁጠር። ከ10 በላይ ሆነው፣ ቢያንስ 6 በ4 ሚሊ ሜትር ከሆኑና እንደ ንጣፍ ድንጋይ ከተደረደሩ ነው ለኦስቲዮጄኔሲስ ኢምፐርፌክታ (አጥንት በቀላሉ ለሚሰበርበት የዘር በሽታ) የሚቆጠሩት። ሁለት ሦስት ማንም ልጅ ላይ ይገኛል።

ሁለት አንባቢ ይሁኑ፣ አንዱ የሌላውን መልስ ሳያይ። ከሁለቱ አንዱ ከአራት ሳምንት በኋላ በተለወጠ ቅደም ተከተል ይድገም፤ ስምምነቱን በካፓ ስታቲስቲክስ ለኩ። የልጆቹ ቁጥር ትንሽ ቢሆን አትደንግጡ። የሕፃናት ራዲዮሎጂስቱ ሁሻንግ ታይቢ ከጃክ ሩቢንስታይን ጋር በፈረንጅ 1963 ሰፊ አውራ ጣት ስላላቸው ልጆች ሲጽፉ የያዙት ሰባት ልጅ ነበር፤ ጂኑ የተገኘው በ1995 ነው። ሐኪሞቹ ካፊና ሲልቨርማን በ1945 የገለጹት፣ መንጋጋና ማጅራቱ አካባቢ አጥንት የሚያወፍረው የጨቅላዎች ሕመምም ጂኑ እስኪታወቅ 60 ዓመት ጠብቋል። ያ ሕመም ዛሬም በኢንፌክሽን ተሳስቶ አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል፤ ከአምስት ወር በታች የሆነ፣ የሚነጫነጭ፣ መንጋጋው ያበጠ ሕፃን ካያችሁ አስቡት።


የልጆች_ሐኪም

ትንሽ ላርመው፦ የካፊ ሕመም የሚይዘው መንጋጋን፣ የአንገት ሥር አጥንትን፣ ጎድንንና የእጅና እግር ረጃጅም አጥንቶችን ነው፤ ማጅራት አይደለም። ስለ ቤተሰቡ ደግሞ፦ "ዘመድ ተጋብታችኋል?" ብለህ አትጠይቅ፣ መልሱ ሁሌም "ኧረ በፍጹም" ነው። ሰባት ቤት በሚቆጠርበት አገር ጥያቄው ስድብ ይመስላል። የሁለቱንም አያቶች ስምና የትውልድ ቀበሌ ጠይቀህ ሣለው፤ መገናኘቱ በራሱ ይወጣል። ከአፋር በኩል የሚመጡ ቤተሰቦች ጋር ግን አብሱማ (የአክስት ወይም የአጎት ልጅ ማግባት) የታወቀ ወግ ስለሆነ በግልጽ ይነግሩሃል። ለወደፊት ጂን ከታሰበ 2 ሚሊ ሊትር ደም በኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ቱቦ፣ ከልጁና ከሁለቱም ወላጆች። ናሙናው ከአገር የሚወጣ ከሆነ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነቱን ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ጋር አብረህ ጀምር፣ በኋላ አይደለም። የስምምነት ቅጹ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይዘጋጅ።


ሕፃናት_ራዲዮሎጂ

ልክ ነህ፣ የአንገት ሥር አጥንት ማለቴ ነበር። አመሰግናለሁ።


ሬዚ_አዳማ

አንድ የመጨረሻ። የድሮዎቹ ፊልሞች ስካነር የላቸውም፣ በስልክ ነው የማነሣቸው። ደግሞ አንድ ልጅ በሦስት ካርድ ቁጥር ይመጣብኛል።


ራጅ_ክፍል

ስልኩን በማቆሚያ አስረህ ከፊልሙ ፊት ቀጥ አድርገው፣ ፍላሹን አጥፋ፣ የክፍሉን መብራትም አጥፋ፣ በፊልሙ ዙሪያ የቀረውን የላይት ቦክስ ብርሃን በጥቁር ካርቶን ሸፍን፤ ያ ብርሃን ነው ካሜራውን አታሎ ምስሉን የሚያጨልመው። ግልጽ ማስመሪያ አብሮ ይነሣ። ማስመሪያው ግን የፊልሙን እንጂ የልጁን አጥንት ትክክለኛ መጠን አይነግርህም፤ ስለዚህ ከድሮዎቹ ላይ ማዕዘንና ሬሾ ብቻ ውሰድ፣ ለምሳሌ የኤል1 እና የኤል5ን ሬሾ። ሚሊ ሜትር አትጻፍ።

ካርዱን በተመለከተ፣ ስሙ በላቲን ፊደል ሲገባ በሦስት ዓይነት ስለሚጻፍ ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ያደርገዋል። የልጁን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ከእናቱ ስምና ከቀበሌው ጋር በአማርኛ ጽፈህ ደርድራቸው፤ ድግግሞሹ ያኔ ቁልጭ ይላል። ከዚያ ኮድ ስጥና የስሙን ዝርዝር ለብቻው ቆልፈህ አስቀምጥ። ፊልሙ ጥግ ላይ የታተመውን ስም ደግሞ ከማንሣትህ በፊት በፕላስተር ሸፍነው፤ በኋላ በስልክ ላይ የምትቀባው ጥቁር ቀለም ዋናው ፎቶ ጋለሪ ውስጥ እስካለ ድረስ ምንም አይሸፍንም።